«የግብፃውያን» የተባለው የስናር ጥንዚዛ፦ አሰያየሙና አመዳደቡ

በሳይንሳዊ ስሙ ኬፐር ኤጂፕቲዮሩም ተብሎ የሚጠራው ወርቅማ አረንጓዴ ጥንዚዛ ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ በሱዳን፣ በኢትዮጵያና ከዚያም አልፎ በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የሚገኝ የነፍሳት ዝርያ ነው። የእንስሳትን እበት ቆርሶ ድቡልቡል ካደረገ በኋላ በኋላ እግሮቹ እየገፋ ወስዶ ይቀብረዋል። የስሙ ሁለተኛ ክፍል በላቲን ቋንቋ «የግብፃውያን» የሚል ትርጉም አለው። ይሁን እንጂ ዝርያው ለሳይንስ የተዋወቀበት ናሙና የተገኘው በግብፅ ሳይሆን ከመተማ በስተምዕራብ፣ በዓባይ ወንዝ ዳርቻ በምትገኘው በስናር ምድር ነው።

አንድ ጥንዚዛ ያልተወለደበትን አገር ስም እንዴት ሊይዝ እንደቻለ፣ ከዚያም በኋላ የወገን ስሙ ለምን ሁለት ጊዜ እንደተለወጠ ማወቅ ለነፍሳት ተመራማሪዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች የግብርና፣ የእንስሳት ጤናና የአካባቢ ጥበቃ ሥራ የሚመሩ ባለሙያዎች በየክረምቱ በሚጽፉት ሪፖርት ውስጥ «ጥንዚዛ» የሚለው ቃል ይገባል። ቃሉ የማሽላ እሸት የሚያጠፋውንም፣ የግጦሽ መሬት የሚያጸዳውንም እኩል ይጠራል። ሁለቱን የሚለያቸው የተሟላ ስም ነው።

መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ የሚገኙበት ቆላ አብዛኛው ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ ሜትር በታች ነው። ዝናቡ በዋነኛነት ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ መሬቱ በብዙ ቦታ ዋልካ ነው፤ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመረትበታል፤ የቀንድ ከብትም በብዛት ይረባበታል። በደቡብ በኩል በቋራ የሚገኘው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ በሱዳን ከሚገኘው የዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰን ሲሆን ዝሆኖችም ይገኙበታል። ከብትና የዱር እንስሳ ባለበት ሁሉ እበት አለ፤ እበት ባለበትም ጥንዚዛ አይታጣም። የድንበሩ መስመር ለነፍሳት ትርጉም የለውም። የመተማና የገላባት ሜዳ በአየር ንብረቱም ሆነ በአፈሩ የአንድ ሰፊ ሜዳ ሁለት ዳርቻ ነው።

ይህ ሜዳ ለዘመናት ጎንደርን ከስናር ያገናኝ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 ከስናር ተነስቶ ጎንደር ገብቷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በተቃራኒው ከጎንደር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1772 በዚሁ ጠረፍ አቋርጦ ወደ ስናር ወርዷል። የጥንዚዛውን ስም ለማውጣት ምክንያት የሆነው ጉዞ የተደረገው ግን ከብሩስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከሰሜን በኩል በመጣ ሰው አማካይነት ነው።

ፍሬዴሪክ ካዮ የፈረንሳይዋ ናንት ከተማ ተወላጅ ሲሆን በማዕድናት ዕውቀት የሠለጠነ ነበር። የግብፅ ገዥ የነበረው መሐመድ ዓሊ ልጁን እስማኤል ፓሻን ስናርን እንዲይዝ በላከው ጊዜ ካዮ ከሠራዊቱ ጋር ተጓዘ። እ.ኤ.አ. በ1821 የስናር መንግሥት ወደቀ፤ ካዮም በዓባይ ዳርቻ ወደ ደቡብ ዘልቆ እስከ ፋዞግሊ ድረስ ከደረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1822 ወደ አገሩ ተመለሰ። የጥንታዊቷን የመርዌ ፍርስራሾች ሥዕል፣ ማዕድናትን፣ ዕፅዋትንና ነፍሳትን ይዞ ነበር የተመለሰው። ከነፍሳቱ መካከል ከስናር የተገኘ አረንጓዴ ጥንዚዛ ነበረበት።

ናሙናውን የመረመረው ፒየር አንድሬ ላትሬይ ነው። ላትሬይ በዘመኑ በነፍሳት አመዳደብ ዕውቀት ተወዳዳሪ ያልነበረው የፓሪስ ምሁር ሲሆን፣ ለዝርያው «አቴውኩስ ኤጂፕቲዮሩም» የሚል ስም ሰጠው። ስሙ ይፋ የወጣውም ካዮ ስለ መርዌና ስለ ነጭ ዓባይ ጉዞው ባሳተመው ባለ አራት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ ነው። በዛሬ መዛግብት ከስሙ ጋር የሚጠቀሰው ዓመት 1827 ነው።

ላትሬይ ይህን ስም የመረጠበት ምክንያት ሊታወቅ ይገባዋል። እርሱ ቀደም ሲል በጥንታዊ ግብፅ ሐውልቶች ላይ ስለተቀረጹና ስለተሳሉ ነፍሳት ጥናት አቅርቦ ነበር። የግብፅ ካህናት ያከብሩት የነበረው ጥንዚዛ በሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚታወቀው ጥቁሩ ዝርያ እንደሆነ በአጠቃላይ ይታመን ነበር። ከስናር የመጣው ግን እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። በዘመኑ አንዳንድ ምሁራን የግብፅ ሕዝብ የመጀመሪያ መኖሪያ ከዓባይ የላይኛው ክፍል፣ ከስናርና ከኢትዮጵያ አቅጣጫ እንደነበረ ያምኑ ስለነበር ላትሬይ ሁለቱን ነገሮች አገናኛቸው። በቀለሙ ውበትና በተገኘበት አገር ምክንያት በመጀመሪያ የግብፃውያንን ዓይን የሳበውና የተከበረው ይህ አረንጓዴ ጥንዚዛ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥቁሩ የተከተለው ወደ ሰሜን ከወረዱ በኋላ ነው የሚል ግምት አቀረበ። «የግብፃውያን» የሚለው ስም የወጣው ከዚህ ግምት ነው።

እንግዲህ ስሙ ጥንዚዛው የት እንደሚኖር አይናገርም። የሚናገረው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንድ ፓሪሳዊ ምሁር ስለ ግብፃውያን አመጣጥ ምን ያምን እንደነበረ ነው። የሕዝቡ አመጣጥ ግምት ዛሬ በታሪክ ጥናት ተቀባይነት ያለው ሐሳብ አይደለም፤ ስሙ ግን ጸንቶ ቆይቷል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስገርመው፣ «የግብፃውያን» የተባለው ከስናርና ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ ናቸው ተብሎ በመታሰቡ መሆኑ ነው።

ስም ከተሳሳተ ለምን አይታረምም? የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። መልሱ ያለው የእንስሳትን ሳይንሳዊ ስም በሚገዛው ዓለም አቀፍ ደንብ ውስጥ ነው። በሥራ ላይ ያለው አራተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሞ ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ በአንቀጽ 18 አንድ ስም ትርጉሙ ለእንስሳው የማይስማማ መሆኑ ብቻውን ስሙን ውድቅ እንደማያደርገው ይደነግጋል። በሌላ በኩል በአንቀጽ 23 የቀዳሚነት መርሕ ሰፍሯል፤ በመርሕ ደረጃ ቀድሞ በሥርዓቱ የወጣው ስም ይጸናል። ደንቡ የተፈለገው ስም ትክክለኛ መግለጫ እንዲሆን አይደለም። አንድ ስም በሁሉም አገርና በሁሉም ዘመን ለአንድ ዝርያ ብቻ እንዲያገለግል ነው። የመሬት ይዞታ መዝገብ ላይ የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የቀበሌው ስም የተሰጠበት ምክንያት ቢረሳም፣ በየጊዜው ይለወጥ ቢባል የመዝገቡ ጥቅም ይጠፋል።

የዝርያው ስም ሲጸና የወገን ስሙ ግን ሁለት ጊዜ ተለውጧል። ይህንን ለመረዳት እስከ ካርል ሊኒየስ ድረስ መመለስ ያስፈልጋል። ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው አሥረኛው የተፈጥሮ ሥርዓት መጽሐፉ ለእያንዳንዱ እንስሳ ባለ ሁለት ቃል ስም ሰጠ፤ የእንስሳት ስያሜ ሕጋዊ ዘመን የሚቆጠረውም ከዚያ ዓመት ነው። «ስካራቤዩስ» በሚለው ወገን ሥር እበት የሚያንከባልሉትን፣ አበባ የሚበሉትንና ባለ ቀንዶቹን ትላልቅ ጥንዚዛዎች ሁሉ በአንድ ላይ አኖራቸው። ጥቁሩ የግብፅ ጥንዚዛም «ስካራቤዩስ ሳኬር»፣ ማለትም ቅዱሱ ጥንዚዛ፣ ተባለ።

ወገኑ እጅግ በመስፋቱ ተከታዮቹ ምሁራን ይከፋፍሉት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1801 «አቴውኩስ» የሚል አዲስ ወገን ተፈጠረ፤ ለብዙ ዓመታትም እበት አንከባላዮቹ በዚህ ስም ሲጠሩ ቆዩ። የላትሬይ ስያሜ በአቴውኩስ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ ግን እያንዳንዱ የወገን ስም በአንድ መሠረታዊ ዝርያ ላይ መታሰር አለበት የሚለው አሠራር ሲጸና ችግሩ ተገለጠ። ስካራቤዩስ የሚለው ስም የታሰረው በጥቁሩ ሳኬር ላይ ነው። አቴውኩስ ደግሞ የታሰረው በአሜሪካ በሚኖር አንድ ትንሽ ጥንዚዛ ላይ ነው። ስለሆነም የአፍሪካዎቹ አንከባላዮች ወደ ስካራቤዩስ ተመለሱ፤ አቴውኩስ ዛሬ የአሜሪካ አህጉር ጥንዚዛዎች ስም ሆኖ ይሠራበታል።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1940 ሲሆን፣ ቤልጂጋዊው ያንሰንስ የስካራቤዩስንና የዘመዶቹን ወገኖች መርምሮ «ኬፐር» የተባለ አዲስ ወገን ለየ። ቃሉ የተወሰደው ከጥንታዊ ግብፅ ቋንቋ ነው። «መሆን፣ ወደ ሕልውና መምጣት» የሚል ትርጉም ያለው ግስ በጥንዚዛ ምስል ይጻፍ የነበረ ሲሆን የንጋት ፀሐይ አምላክ ተደርጎ የሚታሰበው ኬፕሪም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በዚህም ምክንያት ከስናር የተገኘው ጥንዚዛ ዛሬ ሁለቱም ስሞቹ ግብፅን የሚጠሩ ሆነዋል። ግብፅ ውስጥ በብዛት የሚታየው ግን ጥቁሩ ሳኬር ነው።

ኬፐር ራሱን የቻለ ወገን ነው ወይስ በስካራቤዩስ ሥር የሚገኝ ንዑስ ወገን? በዚህ ላይ ተመራማሪዎች እስካሁን አንድ አይደሉም። ባለፉት ሃያ ዓመታት ከአካል ቅርጽ በተጨማሪ የዘር ቅንጣት መረጃ ተጨምሮበት ክርክሩ ቀጥሏል። ስለዚህ አንባቢ በአንዱ መጽሐፍ «ኬፐር ኤጂፕቲዮሩም»፣ በሌላው «ስካራቤዩስ (ኬፐር) ኤጂፕቲዮሩም» የሚል ጽሑፍ ቢያገኝ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ብሎ መመዝገብ የለበትም። በሁለቱም አጻጻፍ የላትሬይ ስምና ዓመተ ምሕረቱ በቅንፍ ውስጥ ይቀመጣሉ። ቅንፉ ጌጥ አይደለም፤ ዝርያው መጀመሪያ በሌላ የወገን ስም ተሰይሞ በኋላ እንደተዛወረ የሚያመለክት ነው። ቅንፍ ከሌለ ዝርያው እስከ ዛሬ በተሰየመበት ወገን ይገኛል ማለት ነው።

በአጠቃላይ ምደባው ይህ ጥንዚዛ ክንፈ ጋሻ ከሚባሉት ነፍሳት ክፍለ መደብ ውስጥ ይገባል። ክፍለ መደቡ ስሙን ያገኘው የፊት ክንፎቹ ጠንክረው ለኋላ ክንፎቹ መሸፈኛ በመሆናቸው ሲሆን፣ እስካሁን ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል። ከዚያ በታች ስካራቤይዴ የተባለው ቤተሰብ ይገኛል፤ ወደ 30 ሺህ ዝርያዎች እንዳሉት ይገመታል። የቤተሰቡ መለያ አንቴናው ነው። ጫፉ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጡና የሚታጠፉ ስስ ቅጠሎች አሉት። እበት በል የሆኑት ከ6 ሺህ በላይ ዝርያዎች ስካራቤይኔ በተባለ ንዑስ ቤተሰብ ተሰባስበዋል፤ የእኛው ጥንዚዛ የሚገኘውም በዚሁ ውስጥ ነው።

በመስክ ላይ የዚህን ጎሣ አባላት ለመለየት ማጉያ መነጽር እንኳ አያስፈልግም። የጭንቅላቱ የፊት ጠርዝ እንደ መጋዝ ስድስት ጥርስ አለው። የፊት እግሮቹ ደግሞ ሌሎች ጥንዚዛዎች ያላቸው ባለ ጥፍር የእግር ጣት የላቸውም፤ እንደ መቆፈሪያ በጥርሳም ጫፍ ያበቃሉ። ጥንዚዛውን በጀርባው አዙሮ እነዚህን ሁለት ነገሮች ያየ ሰው እበት አንከባላዮቹን ከአበባና ከእሸት በሎቹ አይቀላቅልም።

መቀላቀሉ ለምን እንደሚያሳስብ የሚያስረዳው የዚሁ ቤተሰብ ሌላ አባል፣ የማሽላ ጥንዚዛ በመባል የሚታወቀው ፓክኖዳ ኢንተሩፕታ ነው። ይህ ዝርያ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው ደረቅ ቀበቶ የሚገኝ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ እ.ኤ.አ. በ1789 «ኬቶኒያ ኢንተሩፕታ» ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ1842 ጀርመናዊው ቡርማይስተር ፓክኖዳ የተባለውን ወገን ሲያቋቁም ቦታውን ለቀቀ። እርሱም በቅንፍ የሚጻፍ ባለ ታሪክ ነው። የሚመደበው ኬቶኒኔ በተባለው አበባ በል ንዑስ ቤተሰብ ነው፤ ይህም ማለት ከወርቅማው ጥንዚዛ ጋር ቤተሰቡ አንድ ሆኖ ንዑስ ቤተሰቡ ይለያል።

በአገራችን የማሽላ ጥንዚዛ ከባድ ጉዳት በማድረስ የታወቀው ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ፣ በተለይ በሰሜን ሸዋ ቆላማ አካባቢዎችና በአጎራባች የአፋር ወረዳዎች ነው። አዋቂው ጥንዚዛ የማሽላው ዘለላ ወተት በሚይዝበት ወቅት በመንጋ እየሰፈረ ለጋውን ፍሬ ይመጥጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ይራባል፤ ትሉ በክረምት በአፈር ውስጥ የበሰበሰ ቅጠላ ቅጠል እየበላ ያድጋል፤ አዋቂው ደግሞ አብዛኛውን የበጋ ወራት ከአፈር ሥር ያሳልፋል። ጠንካራ በራሪ በመሆኑ በርጭት ብቻ ማጥፋት አስቸጋሪ ሆኖ ተገኝቷል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ተመራማሪዎች በተከታታይ ባደረጉት ጥናት ጥንዚዛው በበሰለ ሙዝና በአበባ ሽታ እንደሚሳብ አሳይተዋል፤ ይህም ሽታን በመጠቀም በወጥመድ ለመያዝ በር ከፍቷል።

የወጥመዱ ነገር የተቻለው ዝርያው በትክክል ተለይቶ በመታወቁ ነው። ሽታው የሚሠራው ለዚያ ዝርያና ለቅርብ ዘመዶቹ ነው፤ እበት አንከባላዩን በሙዝ ሽታ መሳብ አይቻልም። በአንጻሩ «ጥንዚዛ በዝቷል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተመሥርቶ የሚታዘዝ ርጭት የትኛውን እንደሚመታ የሚያውቅ የለም። ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ነጭ ትልም እንዲሁ ግራ ያጋባል። የሁሉም ትሎች ቅርጽ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ለመለየት ግን ቀላል ዘዴ አለ። የኬቶኒኔ ትል በጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሲቀመጥ በእግሮቹ ከመሄድ ይልቅ በጀርባው ተገልብጦ ይሳባል። የወርቅማው ጥንዚዛ ትል ደግሞ እናቲቱ ከመሬት በታች ባዘጋጀችው የእበት ድቡልቡል ውስጥ ተዘግቶ ስለሚያድግ በማሳ ሲታረስ በብዛት አይታይም።

እበት አንከባላዮቹ የሚሰጡት አገልግሎት ቀላል አይደለም። እበቱን ሲቀብሩ ማዳበሪያው ወደ ሥር ይገባል፤ አፈሩ ይቦረቦራል፤ ዝናብም በቀላሉ ይሰርጋል። ዝንቦች የሚራቡበት ትኩስ እበትም ከሜዳው ይነሳል። በኬንያ የጻቮ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመ ጥናት አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን የዝሆን ፋንድያ ላይ 16 ሺህ ጥንዚዛዎች ተሰብስበው በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዳነሱት መዝግቧል። አውስትራሊያ ይህን ጥቅም የተረዳችው በማጣት ነው። አገሬው ጥንዚዛዎች የካንጋሮን እንጂ የከብትን እበት ስላልለመዱት ግጦሹ ተበላሸ፤ ዝንቡም በዛ። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአፍሪካና ከሌሎች አህጉራት ጥንዚዛዎችን ማስገባት ግድ ሆነባት።

ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዘ አንድ የስም ጉዳይ አለ። በብዙ አገሮች ከተሠራጩት ጥንዚዛዎች አንዱ ለረጅም ዘመን «ኦንቶፋጉስ ጋዜላ» እየተባለ በአፍሪካ በሰፊው የሚገኝ አንድ ዝርያ ተደርጎ ሲቆጠር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የምደባ ክለሳ ግን በዚያ አንድ ስም ሥር በርካታ ተመሳሳይ ዝርያዎች ተደባልቀው መኖራቸውን አሳየ። ከዚያ በፊት በዚህ ስም የተጻፈ ጥናት የትኛውን ዝርያ እንደሚመለከት ማወቅ የሚቻለው ናሙናው በሙዚየም ተጠብቆ ከቆየ ብቻ ነው። ናሙና ያላስቀመጠ ጥናት ከጥቅም ውጭ እስከመሆን ይደርሳል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ትላትል መድኃኒት ከታከመው ከብት አካል በአብዛኛው በእበት በኩል ይወጣል፤ በእበቱ ውስጥ የሚቀረውም የጥንዚዛ ትሎችን እንደሚጎዳ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አረጋግጠዋል። መድኃኒቱ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ነገር ግን ክረምት ሲገባና ጥንዚዛው ሲራባ መንጋውን በሙሉ በአንድ ጊዜ መውጋትና የታመመውን ለይቶ ማከም በሜዳው ላይ የሚያመጡት ውጤት አንድ አይደለም። የኬፐር ወገን እናት በጣት የሚቆጠር ድቡልቡል ብቻ አዘጋጅታ ከልጆቿ ጋር ከመሬት ሥር የምትቆይ በመሆኗ የጠፋውን ቶሎ መተካት አይሆንላትም።

የኢትዮጵያ ጥንዚዛዎች ስማቸውን ያገኙበት መንገድ ሲታይ ከስናሩ ታሪክ የራቀ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች፣ መልእክተኞችና ቆንስሎች የሰበሰቧቸው ናሙናዎች ወደ ፓሪስና ወደ ጄኖዋ ሙዚየሞች ተልከው ስም ወጥቶላቸዋል። ከማሽላው ጥንዚዛ ጋር አንድ ወገን የሆነው ፓክኖዳ ማሳያይ በኢትዮጵያ አባ ማስያስ በመባል ለሚታወቁት ለካርዲናል ጉግሊየልሞ ማሳያ መታሰቢያ የተሰየመ ነው። የሰየመው በጄኖዋ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ራፋኤሎ ጀስትሮ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የኦራዚዮ አንቲኖሪ ቡድን ከሸዋ የሚልካቸው ስብስቦች ወደዚሁ ሙዚየም ይገቡ ነበር። አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የአገሩን ጥንዚዛ ከመጀመሪያው ናሙና ጋር ለማነጻጸር ዛሬም ወደ አውሮፓ መጻፍ ወይም መጓዝ ግድ ይሆንበታል።

ዛሬ ናሙና ከአገር የሚወጣበት ሥርዓት ተለውጧል። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ከሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ፣ ፈቃድ ሳይኖር የጄኔቲክ ሀብትን መውሰድም ሆነ ከአገር ማስወጣት ክልክል ነው። በድንበር ኬላ የሚሠራ ባለሙያ በአልኮል የተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ጥንዚዛ ይዞ የሚያልፍ ሰው ቢያጋጥመው ጉዳዩ ከዚህ አዋጅ አንጻር የሚታይ መሆኑን ማወቅ አለበት። የኬላ ሠራተኛ ጥንዚዛን እንደ ሀብት ላይቆጥረው ይችላል፤ አዋጁ ግን ይቆጥረዋል።

በመስክ የተገኘ ጥንዚዛ በትክክል እንዲሰየም የሚያስፈልገው ብዙ መሣሪያ አይደለም። ናሙናው በጠንካራ አልኮል ውስጥ ይቀመጣል፤ ወይም ደርቆ በመርፌ ይሰካል። ከናሙናው ይልቅ ቶሎ የሚጠፋው መረጃው ስለሆነ በእርሳስ የተጻፈ ትንሽ ወረቀት ከጠርሙሱ ውስጥ ይገባል፤ የብዕር ቀለም በአልኮል ይታጠባል። በወረቀቱ ላይ ወረዳና ቀበሌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ ቀን፣ ሰብሳቢው፣ እንዲሁም ጥንዚዛው የተገኘው በእበት ላይ፣ በማሽላ ዘለላ ላይ ወይም በመብራት ዙሪያ መሆኑ ይመዘገባል። ቀኑ በኢትዮጵያ ወይም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በኋላ የሚያነበው ሰው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ሊሠራ ይችላል። በአሮጌ ስብስቦች ላይ ይህ ስህተት የሚያስቸግር ነው። «መተማ» ብቻ ተብሎ መጻፍም አይበቃም። በዚህ ስም የሚጠሩ ወረዳና ከተማ ስላሉ፣ በድንበሩ ማዶም የገላባት ሜዳ ስለሚቀጥል፣ «መተማ ዮሐንስ» ወይም የቀበሌው ስም ሊታከል ይገባል።

የተሟላው የሳይንስ ስም በመዝገብ ሲሰፍር የወገኑ ስም በመጀመሪያ፣ የዝርያው ስም ቀጥሎ፣ ከዚያም የሰያሚው ስምና ዓመቱ ይከተላሉ፦ ኬፐር ኤጂፕቲዮሩም (ላትሬይ፣ 1827)፤ ፓክኖዳ ኢንተሩፕታ (ኦሊቪዬ፣ 1789)። ዝርያው ካልታወቀ ደግሞ «ስካራቤይኔ፣ ዝርያው ያልተለየ» ወይም «ኬቶኒኔ፣ ዝርያው ያልተለየ» ተብሎ መጻፍ ይቻላል። ንዑስ ቤተሰቡ ብቻ እንኳ ከተጻፈ ሪፖርቱ የደረሰው ባለሙያ ጉዳዩ የእሸት ነው ወይስ የእበት የሚለውን ወዲያውኑ ይረዳል።